ከጊታር ፕሮሰሰር ጥሩ ቶን ለማውጣት፦ ከስፒከሩ ጀምሩ

አዲስ ፕሮሰሰር (የአምፕን፣ የካቢኔትንና የኢፌክትን ድምፅ በዲጂታል የሚሠራ ዕቃ) የገዛ ጊታሪስት መጀመሪያ የሚያደርገው ይታወቃል። ፋብሪካው የጫናቸውን ፕሪሴቶች (ተዘጋጅተው የተቀመጡ ድምፆች) አንድ በአንድ ይሞክራል። ጥቂቶቹ ደስ ይሉታል፤ የቀሩት ወይ ይጮሁበታል ወይ ይታፈኑበታል። ከዚያ አምፕ መቀያየር ይጀምራል። ትሬብል (ቀጭኑን ድምፅ) ይቀንሳል፣ ጌይን (የማሻከሩን መጠን) ይጨምራል፣ ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) ይደርባል። ሰዓቱ ይሄዳል፤ ድምፁ ግን ያው ነው።

ቶን የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አምፑ ላይ አይደለም። ከአምፑ በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው። በካቢኔቱ (ስፒከሩ በተገጠመበት ሣጥን)፣ በማይኩ፣ በምንሰማበት ስፒከር እና በቮልዩሙ ማለቴ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከስፒከሩ ይጀምርና ወደ አምፑ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ሄሊክስ፣ ኬምፐር፣ አክስ ኤፍኤክስ ወይም ኳድ ኮርቴክስ ቢኖራችሁ፣ ወይም ኮምፒውተር ላይ ፕለጊን ብትጠቀሙ፣ የሜኑው ስም ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው።

1. የምትሰሙበትን ዕቃ ለዩ

የጊታር አምፕ ስፒከር እና ሙዚቃ የምንሰማበት ስፒከር ለየቅል ናቸው። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በፍጥነት ይቆርጠዋል። የዲስቶርሽንን (ሆን ተብሎ የሚሻከር የጊታር ድምፅ) ሸካራነት አለስልሶ ለጆሮ የሚመች የሚያደርገው ይሄ ነው። ሄድፎን፣ የስቱዲዮ ሞኒተር እና የመድረክ ስፒከር ግን የገባላቸውን ሁሉ እስከ ላይኛው ጫፍ ያወጡታል። ፕሮሰሰሩ ውስጥ የጊታር ስፒከርን ድምፅ የሚያስመስል፣ ካቢኔት የሚባል ብሎክ ያለው ለዚህ ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። ሄድፎን፣ ሞኒተር ወይም ሚክሰር ላይ ከሰካችሁ የካቢኔት ብሎኩ ይብራ። እውነተኛ የጊታር ካቢኔት ላይ ከሰካችሁ ይጥፋ። ካቢኔት ሳይኖረው በሄድፎን የሚሰማ ዲስቶርሽን ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ንብ ይጮሃል። በካቢኔት ላይ ካቢኔት ሲደረብ ደግሞ ድምፁ ይታፈናል፣ ከባንዱ መሃል ብቅ ማለት ያቅተዋል። ከሁለቱ አንዱን የምትሰሙ ከሆነ ሌላ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ይህንን አስተካክሉ።

የጊታር አምፕ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ፕሮሰሰሩን ፊት ለፊት ባለው የጊታር መሰኪያ ከሰካችሁት፣ የፕሮሰሰሩ አምፕ በእውነተኛው አምፕ ፕሪአምፕ (ቶኑን የሚቀርጸው የመጀመሪያ ክፍል) ውስጥ እንደገና ያልፋል። ሁለት አምፕ ተደራርቦ ድምፁ ይዝረከረካል። ከአምፑ ጀርባ ኢፌክት ሪተርን የሚል መሰኪያ ካለ እዚያ ሰኩት። ፕሪአምፑን ዘሎ በቀጥታ ፓወር አምፑ (ድምፁን የሚያጎላው የመጨረሻ ክፍል) ጋ ይደርሳል። መሰኪያው ከሌለ የፕሮሰሰሩን አምፕ እና ካቢኔት አጥፍታችሁ ኢፌክቶቹን ብቻ ተጠቀሙ።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ እወቁት። ፕሮሰሰሩ በሄድፎን ወይም በሞኒተር የሚሰጣችሁ አጠገባችሁ የቆመ አምፕ ድምፅ አይደለም። ማይክ ተደግኖበት የተቀዳ አምፕ ድምፅ ነው። በአልበም ላይ የምትሰሙት ጊታርም እንደዚያው ነው። ሱሪ የሚያርገበግብ አምፕ የምትፈልጉ ከሆነ መልሱ ፓወር አምፕ እና እውነተኛ የጊታር ካቢኔት ነው፤ በኢኪው (የቤዝ፣ የሚድና የትሬብል ማስተካከያ) የሚመጣ ነገር አይደለም።

2. ቮልዩሙን ከቶኑ በፊት ወስኑ

በ1933 ፍሌቸር እና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ሲል ቤዙንም ከፍተኛውን ትሬብልም አሳንሶ እንደሚሰማ በመለካት አሳዩ። ለጊታሪስት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማታ በቀስታ እየተጫወታችሁ ቶን ስትሠሩ፣ ጆሯችሁ ቤዝና ትሬብል ጎደለ ይላችኋል። እናንተም ትጨምራላችሁ። ያንኑ ፕሪሴት መድረክ ላይ በከፍተኛ ድምፅ ስትከፍቱት ቤዙ ይንቀጠቀጣል፣ ትሬብሉ ጆሮ ይበሳል። ቤት ውስጥ ያማረ ቶን መድረክ ላይ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ቶኑን በምትጫወቱበት ቮልዩም መሥራት ነው። የስቱዲዮ ሰዎች ሚክስ ሲሠሩ ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 85 ዴሲቤል አካባቢ ይሰማሉ። ለእናንተም ጥሩ መነሻ ነው። ስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ ለዚህ ይበቃል። በዚህ ቮልዩም ግን ረጅም ሰዓት አትቆዩ፤ ጆሮ ሲደክም ፍርዱም ይበላሻል። በየመሃሉ ዕረፍት ውሰዱ።

ቤት ውስጥ ድምፅ ከፍ ማድረግ የማትችሉ ከሆነ የአንዱን ፕሪሴት ሁለት ቅጂ ያዙ። አንዱ ለሄድፎን፣ ሌላው ለልምምድ ክፍልና ለመድረክ። ሁለተኛውን ክፍሉ ውስጥ ከባንዱ ጋር ሆናችሁ አስተካክሉት።

3. የሚገባው ሲግናል ጤነኛ ይሁን

እዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። ያረጀ ክር በየትኛውም ኢኪው አይታደስም። ፒክአፑ ለክሩ በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይጎትተዋል፣ ድምፁም ይወላገዳል፤ ትንሽ ዝቅ አድርጉት።

ፕሮሰሰሩ የኢንፑት ኢምፒዳንስ (መግቢያው ለጊታሩ ሲግናል የሚያሳየው ተቃውሞ) ምርጫ ካለው 1 ሜጋኦም ላይ አድርጉት። የተለመደው የቲዩብ አምፕ መግቢያ ይህንን ያህል ነው። ከዚያ በታች ስትወርዱ ትሬብሉ ይደበዝዛል። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ፈዝ (ድምፁን በጣም የሚያሻክር ኢፌክት) ስትጠቀሙ ግን ዝቅ ያለውን ሞክሩት፤ የድሮ ፈዝ ፔዳሎች ኢምፒዳንሳቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ጊታሩም ሌላ ጠባይ ያሳያል። በኃይል ስትመቱ የኢንፑቱ ቀይ መብራት የሚበራ ከሆነ የኢንፑት ፓዱን (የሚገባውን ሲግናል የሚቀንሰውን) አብሩ። ዲጂታል ክሊፒንግ (ሲግናሉ ከልኩ አልፎ ሲቆረጥ) እንደ ቲዩብ አይጣፍጥም፣ ይሰነጥቃል።

4. ባዶ ፕሪሴት ክፈቱ፣ ሉፐሩንም ፊት አድርጉ

የፋብሪካውን ፕሪሴት ማረም ትታችሁ ከባዶ ጀምሩ። አንድ አምፕ፣ አንድ ካቢኔት፣ ሌላ ምንም። የአምፑን ኖቦች ሁሉ መሃል ላይ አድርጓቸው። ሪቨርብም አይኑር፤ ሪቨርብ ጉድለትን ይሸፍናል፣ አሁን የምንፈልገው ጉድለቱን ማየት ነው።

ከዚያ የሉፐር ብሎኩን (የተጫወታችሁትን ቀድቶ ደጋግሞ የሚያጫውተውን) ከአምፑ በፊት፣ ሰንሰለቱ መጀመሪያ ላይ አስገቡት። የምትጫወቱትን ዓይነት ሙዚቃ ቅዱ፦ ትንሽ የኮርድ ምት፣ ትንሽ በወፍራም ክር ላይ የሚሠራ ሪፍ (የሚደጋገም አጭር ዜማ)፣ ትንሽ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ያለ ሶሎ። ሉፐሩ ንጹሑን የጊታር ሲግናል ስለያዘ አምፑንም ካቢኔቱንም ስትቀይሩ ያው ጨዋታ በአዲሱ ድምፅ ይመጣላችኋል። ሁለት እጃችሁ ነጻ ነው፤ ጆሯችሁም መጫወቱን ትቶ ማዳመጥ ብቻ ይሆናል። ቶን ስንሠራ ከምንጠቀምባቸው ዘዴዎች ሁሉ እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው። ሉፐር የሌለው ዕቃ ካላችሁ ንጹሑን ጊታር ኮምፒውተር ላይ ቀድታችሁ በዩኤስቢ መልሳችሁ ላኩት።

5. ካቢኔቱን ከአምፑ በፊት ምረጡ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። አንዱን አምፕ በሁለት የተለያዩ ካቢኔቶች ስሙት። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአምፕ ወደ አምፕ ከመሄድ ይበልጣል።

መጀመሪያ ስፒከሩ። ሴሌስቲየን ቪንቴጅ 30 የላይኛው ሚዱ ወጣ ያለ ስለሆነ ዲስቶርሽን ያደረገ ጊታርን ከባንድ መሃል ያወጣል። ብቻውን ሲሰማ ግን ትንሽ ሊከርር ይችላል። ግሪንባክ ለስለስ ያለና ሞቅ ያለ ነው፤ ለብሉዝና ለድሮው ሮክ ይስማማል። ጀርባቸው ክፍት የሆኑ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት 12 ኢንች ካቢኔቶች ለክሊን (ዲስቶርሽን ለሌለው) ድምፅ አየር ይሰጣሉ። ጀርባው የተዘጋ ባለ አራት 12 ኢንች ደግሞ ታችኛው ድምፁ ጠንካራና የተሰበሰበ ነው።

ቀጥሎ ማይኩ። ሹር ኤስኤም 57 ደማቅና ፊት ለፊት የሚመጣ ነው። እንደ ሮየር 121 ያለ ሪበን ማይክ ከላይ ለስላሳ፣ ከታች ሙሉ ነው። ዓይነቱን ከመረጣችሁ በኋላ ቦታው ይቀራል። ማይኩ ስፒከሩ መሃል ላይ ሲሆን ድምፁ በጣም ብሩህና ሹል ነው። ወደ ጠርዝ ስትወስዱት እየጨለመና እየለሰለሰ ይሄዳል። በጣም ሲቀርብ ቤዙ ይጨምራል፣ ሲርቅ ቤዙ ቀንሶ ክፍሉ መሰማት ይጀምራል። ሉፑን አጫውቱና ማይኩን ቀስ በቀስ ከመሃል ወደ ጠርዝ አንቀሳቅሱት። ሽ የሚለው ሸካራ ድምፅ ጠፍቶ የፒኩ ምት ገና ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ የመሃሉ ቆብ የሚያልቅበት ጠርዝ አካባቢ ነው። እዚያ ላይ አቁሙት። ትሬብል ኖብ ከመንካት ይህ በብዙ ይሻላል።

ሁለት ማይክ ስትቀላቅሉ ፌዝን (የሁለቱ ድምፅ ተቃርኖ መጣፋትን) ተጠንቀቁ። የአንዱን ፖላሪቲ ገልብጡና ስሙ። ስትገለብጡት ድምፁ ከሳስቶ ባዶ ከሆነ መጀመሪያ የነበረው ትክክል ነው። ስትገለብጡት ከወፈረ ግን መጀመሪያውኑ እየተጣፉ ነበርና የተገለበጠውን ያዙ።

ኢምፐልስ ሪስፖንስ ወይም በአጭሩ አይአር የምንላቸው ፋይሎችስ? አይአር የአንድ ስፒከር፣ የአንድ ማይክና የአንድ ቦታ አሻራ ነው። በጣም ጠቃሚ ነው። ችግሩ ሰው በመቶ የሚቆጠር እያወረደ ምርጫ ውስጥ መስጠሙ ነው። ሦስት ምረጡ፦ አንድ ለክሊን፣ አንድ ለክራንች (መጠነኛ ዲስቶርሽን)፣ አንድ ለከባድ ዲስቶርሽን። ስታወዳድሩ ቮልዩማቸውን አስተካክሉ። ጆሮ ከፍ ያለውን ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ ቮልዩሙ ሳይመሳሰል የተደረገ ውድድር ዋጋ የለውም። ለዓይናችሁም ስሙን አታሳዩት፤ ፊታችሁን አዙራችሁ በጆሮ ብቻ ፍረዱ።

6. ከታችም ከላይም ቁረጡ

የጊታር ወፍራሙ ክር በተለመደው ቅኝት 82 ኸርዝ ላይ ነው። ከዚያ በታች የሚመጣው ድምፅ በአመዛኙ የእጅ ግጭትና ጉርምርምታ ነው፤ ቤዝ ጊታሩንና የድራሙን ኪክ ይጋፋል። ሎው ከቱን (ከታች ያለውን ድምፅ የሚቆርጠውን) 80 ኸርዝ ላይ አድርጉና ከባንድ ጋር ስትጫወቱ እስከ 100 ወይም 120 አምጡት።

ሃይ ከቱን (ከላይ ያለውን የሚቆርጠውን) ደግሞ ከላይኛው ጫፍ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አውርዱት። ለዲስቶርሽን ከ5 እስከ 7 ኪሎኸርዝ መሃል፣ ለክሊን ደግሞ 8 ወይም 10 አካባቢ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቁጥሩን በጭፍን አትቅዱ። ሽሽታው ሲጠፋ አቁሙ፤ ፒኩ መደብዘዝ ከጀመረ አልፋችኋልና ተመለሱ።

አሁንም ጆሮ የሚወጋ ነገር ካለ ፓራሜትሪክ ኢኪው (የፈለጋችሁትን የድምፅ ክልል ለይታችሁ የምትነኩበትን) ክፈቱ። ከኢኪው ክልሎች አንዱን ጠባብ አድርጋችሁ 8 ዴሲቤል ያህል ከፍ አድርጉት። ከዚያ ከ2 እስከ 5 ኪሎኸርዝ ድረስ ቀስ ብላችሁ አንሸራትቱት። አንድ ቦታ ላይ ፉጨቱ ጎልቶ ይወጣል። እዚያው አቁማችሁ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ቀንሱት። ይህንን አንድ ወይም ሁለት ቦታ ላይ ብቻ አድርጉ፤ አምስት ስድስት ቦታ ከቆረጣችሁ ጊታሩ ነፍስ አይቀረውም። ያን ያህል መቁረጥ ካስፈለገ ካቢኔቱ ትክክል አይደለም ማለት ነው።

7. አሁን አምፑ

አሁን ኖቦቹን ንኩ። የምትነኩት አምፕ የተሠራበትን ሰርኪዩት ስለሚከተል፣ አንድ ዓይነት ስም ያለው ኖብ በሁሉም ላይ አንድ ሥራ አይሠራም። በፌንደር ዓይነት አምፖች ላይ ሁሉም ኖብ መሃል ሲሆን ሚዱ በተፈጥሮው ጎድጎድ ያለ ነው። ድምፁ ከባንድ ውስጥ ከጠፋባችሁ ሚዱን በድፍረት ጨምሩ፤ ቤዙንና ትሬብሉን ቀንሱ። የቮክስ ኤሲ 30 ከት የሚለው ኖብ ደግሞ በግልባጩ ነው የሚሠራው፤ ሲጨመር ትሬብሉ ይቀንሳል። በሜሳ ቡጊ ማርክ ዓይነቶች ላይ ቤዝ ኖቡ ያለው ከዲስቶርሽኑ በፊት ነው። ከፍ ካደረጋችሁት ወፍራሙ ክር ይጨማለቃል። ስለዚህ እዚያ አምፕ ላይ ቤዙን ወደ ታች አውርዱና፣ ውፍረት ከፈለጋችሁ ከአምፑ በኋላ በኢኪው ጨምሩት።

ማስተር ቮልዩም የሚለው ኖብ ፓወር አምፑ ምን ያህል እንደሚሠራ ይወስናል፤ ቶኑን ይቀይራል። የድሮዎቹ አምፖች፣ ለምሳሌ ዴሉክስ ሪቨርብ ወይም ፕሌክሲ ማርሻል፣ በእውነቱ ማስተር አልነበራቸውም። ፕሮሰሰሩ ማስተር ከሰጣችሁ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት፤ ካወረዳችሁት ይቀጥናል። ቻነል ቮልዩም ወይም ሌቭል የሚለው ግን ቶኑን አይነካም። ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረግ ስትፈልጉ በእሱ ተጠቀሙ።

ስለ ጌይን አጥብቄ የምለው አለ። ቀንሱት። በአልበም ላይ ግዙፍ የሚመስለን ዲስቶርሽን ብዙ ጊዜ አንዱን ሪፍ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ቀድቶ በግራና በቀኝ ከማስቀመጥ የሚመጣ ነው። እያንዳንዱ ጊታር ለብቻው ሲሰማ ጌይኑ መጠነኛ ነው። ጌይን ሲበዛ ድምፁ ይጨመቃል፣ የፒኩ ምት ይጠፋል፣ በቀስታና በኃይል መምታት አንድ ይሆናል። መፈተኛው የጊታሩ ቮልዩም ነው። ወደ ግማሽ ስታወርዱት ድምፁ ጠራ ካለ ጌይኑ ልክ ነው። ምንም ካልተለወጠ በዝቷል።

ጠበቅ ያለ ዲስቶርሽን ከፈለጋችሁ የአምፑን ጌይን ከመጨመር ቲዩብ ስክሪመር ዓይነት ፔዳል ከፊቱ አድርጉ። ድራይቩ ዜሮ አካባቢ፣ ሌቭሉ ከፍ፣ ቶኑ መሃል። ፔዳሉ ቤዙን ቆርጦ ሚዱን ወጣ ስለሚያደርገው አምፑ የሚቀበለው የተሰበሰበ ድምፅ ነው። ወፍራሙ ክር ይጠብቃል፣ ሶሎውም ይዘምራል። የኖይዝ ጌት (ሳትጫወቱ ጫጫታውን የሚዘጋ) ካስፈለገ ሰንሰለቱ መጀመሪያ ላይ ይሁን፤ የተያዘ ኖታ ሳያልቅ እንዳይቆርጥባችሁ እየሰማችሁ አስተካክሉት።

8. ዲሌይና ሪቨርብ

በተለምዶ ከካቢኔቱ በኋላ ናቸው። ዲሌይ ከዲስቶርሽን በፊት ከሆነ ድግግሞሾቹ ራሳቸው ዲስቶርት ያደርጋሉ፤ ሆን ብላችሁ ካልፈለጋችሁት ይዝረከረካል። ሁለቱም ውስጥ ሎው ከትና ሃይ ከት አለ። ሎው ከቱን 200 ኸርዝ አካባቢ፣ ሃይ ከቱን 4 ወይም 5 ኪሎኸርዝ አድርጉት። ሪቨርቡ ከጊታሩ ኋላ ይቀመጣል። በሄድፎን ስትጫወቱ ድምፁ ጭንቅላታችሁ ውስጥ የታሰረ ከመሰላችሁ በጣም አጭር የሩም ሪቨርብ በትንሹ ጨምሩ፤ ወዲያው ይከፈታል።

9. ከባንድ ጋርና መድረክ ላይ

ብቻችሁን ስትሰሙት ደስ የሚል ቶን ከባንድ ጋር ሊጠፋ ይችላል። ጊታር የሚኖረው ሚድ ውስጥ ነው፤ ከ500 ኸርዝ እስከ 2 ኪሎኸርዝ ያለው ቦታ የእናንተ ነው። ድምፃችሁ ሲጠፋ ቮልዩም ከመጨመር በፊት እዚያ አካባቢ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ጨምሩ። ብቻውን ሲሰማ ትንሽ አፍንጫ አፍንጫ ሊል ይችላል። ከድራምና ከቤዝ ጋር ሲገጥም ግን ቦታውን ይይዛል።

ለሶሎ ከፍ የሚል ቡስት ስትሠሩ ከአምፑ በኋላ አድርጉት። ከፊት ካስገባችሁት ዲስቶርሽን ባደረገ አምፕ ላይ ቮልዩሙ እምብዛም አይጨምርም፣ ጌይኑ ብቻ ነው የሚበዛው። ከኋላ 3 ዴሲቤል ያህል ከትንሽ ሚድ ጋር በቂ ነው። የፕሪሴቶቻችሁን ቮልዩም ስታመሳስሉ ደግሞ በመድረክ ቮልዩም በጆሮ አመሳስሉ። ክሊን እና ዲስቶርሽን ሜትር ላይ እኩል ቢያሳዩም ለጆሮ እኩል አይደሉም።

ወደ ሚክሰር የምትሄዱት በኤክስኤልአር ኬብል ከሆነ ሳውንድ ማኑን ማይክ ሌቭል ነው ወይስ ላይን ሌቭል የሚፈልገው ብላችሁ ጠይቁና ፕሮሰሰሩን በዚያው አስተካክሉ። ፋንተም ፓወሩን (ሚክሰሩ ለማይክ የሚልከውን ኤሌክትሪክ) እንዲያጠፋውም ንገሩት። ኸም የሚል ድምፅ ካለ ግራውንድ ሊፍቱን (የኬብሉን ግራውንድ የሚያላቅቀውን ማብሪያ) ሞክሩ። ስቴሪዮ ፕሪሴት ካላችሁ በሞኖ አዳምጡት፤ አንዳንድ ሰፋ ያሉ ኢፌክቶች ሁለቱ ጎኖች ሲደባለቁ ይከሳሉ። አዳራሹ ቤዝ የሚያበዛ ከሆነ ፕሪሴቶቹን አንድ በአንድ ማረም አያስፈልግም፤ ግሎባል ኢኪው ላይ ቁረጡት፣ ሥራው ሲያልቅም ወደ ዜሮ መልሱት።

የደረሳችሁበትን ፕሪሴት ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ፣ በተለይ ፈርምዌር (የፕሮሰሰሩን ውስጣዊ ሶፍትዌር) ከማደሳችሁ በፊት። አዲስ ፈርምዌር የአምፕ ሞዴሎቹን አሠራር ሊለውጥ ስለሚችል የቆየው ፕሪሴት ሌላ ድምፅ ሊያወጣ ይችላል። ሥራ ባለበት ሳምንት አታድሱ። ካደሳችሁም በኋላ ሁሉንም ፕሪሴት በመድረክ ቮልዩም አንድ ጊዜ አዳምጡ።